የተረት መጽሐፍ ክፍል ሁለት፦ ዘንዶው ከሞተ በኋላ ምን ይጻፋል?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት ያወጣኋትን የተረት መጽሐፍ ያነበባችሁ አላችሁ፤ ላላነበባችሁ በአጭሩ ላስታውስ። ዘንዶ የመንደሩን ምንጭ አፍ ዘግቶ ተኝቷል፤ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ ካልተሰጠው ጠብታ ውሃ አይለቅም። ሰዓዳ የምትባል የፍየል እረኛ ሐይቅ ሥር ወደ ሰጠመው ከተማ ትወርድና ከሐይቁ እመቤት የጨው አሞሌ ታገኛለች። አሞሌውን በፍየል ሥጋ ጠቅልላ ታጎርሰዋለች፤ ዘንዶው ውሃ ይጠማዋል፤ የዘጋውን ምንጭ ጠጥቶ ጠጥቶ ይፈነዳል። ውሃው ወረደ፣ መንደሩ ደገሰ፣ ተረቱ አለቀ።

አሁን ክፍል ሁለትን እያቀድኩ ነው። ሰባት ዓመት አልፏል። የሞተው ዘንዶ ታላቅ ወንድም፣ ባለ ሰባት ራሱ፣ ከቆላው ተነሥቶ ይመጣል። ሰዓዳ ዳግመኛ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች፤ ከእመቤቷ ጋር ተቀምጣ ትመክራለች፤ ከሐይቁ በሚወጣው ወንዝ በታንኳ ወደ ቆላ ወርዳ ሰባቱን ራስ በሰባት ቀን ትቆርጣለች። እያንዳንዱ ራስ አንድ ምዕራፍ ይይዛል። የቸገረኝ ራሶቹን አንዱን ከሌላው መለየት ነው። አንዱ እሳት ይተፋል፣ አንዱ ያስተኛል፤ ከሦስተኛው በኋላ ሐሳብ አለቀብኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ምክሬ አጭር ነው፦ አትለያያቸው፣ ተዋቸው። በክፍል ሁለት ታላቅ ወንድሙ ከመጣ በክፍል ሦስት አባቱ፣ በክፍል አራት አያቱ ይመጣል፤ አንባቢም መጽሐፉን ሳያጋምስ ይነቃብሃል።

እኔ መጽሐፍ ሻጭ ነኝ። ያንተን መጽሐፍ ገዝተው የሄዱ ልጆች ተመልሰው ሲመጡ «ሌላ ዘንዶ አለ ወይ?» ያለኝ የለም። የሚጠይቁኝ ስለ ቃሉ ነው። እመቤቷ አሞሌውን በነጻ አልሰጠችም እኮ! «ስትመለሺ ከደጃፍሽ መጀመሪያ የሚቀበልሽን ትሰጪኛለሽ» ብላታለች፤ ሰዓዳም ራሷን ነቅንቃ ተስማምታለች። ከዚያ ዘንዶው ፈነዳ፣ ከበሮ ተመታ፣ መጽሐፉ ተዘጋ። ማን ተቀበላት? ማን ተሰጠ? አንተ ግን የአንዱን ሱቅ ዱቤ ሳትከፍል ሌላ ሱቅ ገብተህ ልትበደር ነው።


የሐረጎ ሾፌር

እኔ ደግሞ ዘንዶውን እፈልጋለሁ! በዚህ መድረክ የሚጽፉት ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ መጽሐፉ ለማን እንደተጻፈ የተረሳ ይመስለኛል። የስምንት ዓመት ልጅ አለኝ። ሐረጎን በጉም ስንወርድ በመስኮቱ ወደ ገደሉ እያየ «ዘንዶው እዚህ ታች ይሆን?» ይለኛል። «ቃሉ ምን ሆነ?» ብሎኝ አያውቅም። ቃልና ዕዳ የምትሉትን አልጠላም፤ ነገር ግን ክፍል ሁለት ውስጥ የሚያስፈራ ነገር ከሌለ ልጄ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እኔም ገንዘቤን አላወጣም። ሰባት ራስ ከበዛ ሦስት ይሁን።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰኞ ገበያ፣ ማን እንደተቀበላት ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩት። መጨረሻው ላይ ከድግሱ ጋር አብሮ እንዲሄድ አልፈለግሁም። ነገር ግን ለሙሉ መጽሐፍ የሚበቃ ነገር አድርጌ አልቆጠርኩትም፤ ባለ ሰባት ራሱን ካሸነፈች በኋላ በመጨረሻው ምዕራፍ ልፈታው ነበር ያሰብኩት።

ሾፌሩ ወንድሜ፣ ዘንዶ እንደማይቀርብህ ቃል እገባለሁ። ከየት እንደማመጣው ግን ገና አላወቅሁም።


ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ልጄ ቦርከና ማዶ፣ ከሩቅ አገር ምሳሌ ከመፈለግህ በፊት የአገራችንን ትልቅ ተከታታይ ተረት አስተውል። አርዌ የሚባለው ዘንዶ የነገሠበትን ዘመን ታውቃለህ። በአንደኛው ስሪት አጋቦስ ገድሎት ይነግሣል፤ ልጁ ማክዳ ትወርሰዋለች፤ ማክዳ ወደ ሰሎሞን ትሄዳለች፤ ልጇ ምኒልክ አባቱን ሊያይ ኢየሩሳሌም ወርዶ ታቦቱን ይዞ ይመለሳል። ሦስት ትውልድ፣ ሦስት ታሪክ። ሁለተኛው ላይ ሌላ ዘንዶ አልመጣም፤ ሦስተኛውም ላይ እንደዚሁ። ዘንዶ የገደለው ሰው ልጅ ፍላጎቷ ጥበብ ሆነ፤ የጥበበኛዋ ልጅ ፍላጎቱ አባት ሆነ።

በትግራይ የሚነገረው ስሪት ደግሞ ለአንተ ይበልጥ ይጠቅምሃል። እቴዬ አዜብ ለዘንዶው ልትሰጥ ከዛፍ ጋር ትታሰራለች። ቅዱሳን መጥተው ዘንዶውን ይገድሉታል፤ ሲሞት ግን ደሙ እግሯ ላይ ይንጠባጠብና እግሯ የአህያ ሰኮና ይሆናል። ሕዝቡ አነገሣት፤ ሰኮናው ግን አለ። ከዓመታት በኋላ ወደ ሰሎሞን የምትሄደው ይህን እግሯን ለማዳን ነው፤ ደጁን ስትረግጥም ትድናለች። የመጀመሪያው ታሪክ ድል ሁለተኛውን ታሪክ ወለደ ማለት ነው። ተራኪው ከሰሎሞን ጋር የሚያገናኛት ምክንያት ፈልጎ አገር ላገር አልዞረም፤ ምክንያቱ ከእግሯ ሥር ነበር።

እንግዲህ ወደ ራስህ መጽሐፍ ተመለስ። ዘንዶው የት ላይ ነው የፈነዳው? ምንጩ አፍ ላይ። መንደሩ ያንን ውሃ ሰባት ዓመት ሲጠጣ ኖሯል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የምትጽፈው አንተ ነህ።


የሐረጎ ሾፌር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ይኼውላችሁ ዘንዶዬ። ሞቷል ያላችሁት ውሃው ውስጥ አለ።


ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጋሼ መምህር ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር፣ ትንሽም ልቃወም። ሥነ ጽሑፍ ነው የማጠናው። ቭላድሚር ፕሮፕ የተባለ ሩሲያዊ በ1928 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ጥናት የአገሩን የድንቅ ተረቶች መዋቅር በ31 ተግባራት ከፍሎታል። አንድ ተረት ሁሉንም ላያሟላ ይችላል፤ ያሉት ግን ቅደም ተከተላቸውን አይለቁም ይላል። መጀመሪያ ከቤተሰቡ አንዱ ከቤት ይርቃል፤ ቀጥሎ «ይህን አታድርግ» የሚል ክልከላ ይመጣል፤ ሦስተኛው ክልከላው መጣሱ ነው። 31ኛው ሠርግና ዙፋን ነው። ብዙ ሰው ክፍል ሁለትን ሲያቅድ ከ31ኛው ቀጥሎ 32ኛ ተግባር የሚፈልግ ይመስለኛል። እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ፕሮፕ የሚለው በአንድ ተረት ውስጥ ከአንድ በላይ ዙር ሊኖር እንደሚችል ነው፤ አዲስ በደል ወይም አዲስ ጉድለት ሲፈጠር አዲስ ዙር ይጀምራል። የተለመደው ጀግናው ድል አድርጎ ሲመለስ የገዛ ወንድሞቹ ያገኘውን ነጥቀው ገደል ሲጥሉት ነው። ከዚያ እንደ አዲስ ፍለጋ፣ እንደ አዲስ ረዳት፣ እንደ አዲስ ፈተና።

ተቃውሞዬ እዚህ ላይ ነው። ጋሼ እንዳሉት የድል ጠባሳ ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን ብቸኛው አይደለም። አንዳንዴ በደሉ ከውጭ ሳይሆን ከድግሱ ተጋባዦች መካከል ይነሣል። ሰዓዳን ያከበራት መንደር በሰባት ዓመት ውስጥ ምን አደረጋት? ምንጩን አሁን የሚቆጣጠረው ማን ነው? ዘንዶው ሲዘጋው ሁሉም እኩል ተጠምቶ ነበር፤ ሲከፈት ግን አንዱ ባለ መስኖ፣ አንዱ ለማኝ ሊሆን ይችላል።

ለማስጠንቀቂያ ደግሞ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ያሳተመው የመቶ ዓመት እንቅልፍ የተኛችው ልዕልት ተረት ልጅቷ ስትነቃ አያበቃም። ልዑሉ ያገባታል፣ ሁለት ልጆች ይወልዳሉ፣ እሱ ግን ትዳሩን ከእናቱ ይደብቃል፤ እናቱ ሰው ከሚበላ ዘር ናትና። አባቱ ሞቶ ሲነግሥ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ ቤተ መንግሥት ያመጣል፤ ጦርነት ሲሄድ አያትየዋ የልጅ ልጆቿን አርደህ አብስልልኝ ብላ ወጥ ቤቱን ታዛለች። ሰውየው ግን ልጆቹን ደብቆ በጠቦትና በግልገል ሥጋ ያታልላታል። የጀርመኖቹ ግሪም ወንድማማቾች በ1812 የመጀመሪያ ቅጻቸው ያወጡት ስሪት ይህን ሁሉ ትቶ ሠርጉ ላይ ያበቃል። እኔ ሁለተኛውን ግማሽ እወደዋለሁ፤ ከልዕልቷ እንቅልፍ ይልቅ የወጥ ቤቱ ጭንቀት ይይዘኛል። ስፌቱ ግን ያስታውቃል፤ በመጀመሪያው ግማሽ ስለዚህች እናት አንዲት ቃል አልተነገረንም። ቦርከና ማዶ፣ ባለ ሰባት ራሱ ወንድምህ ልክ እንደዚህች አማት ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ዘንዶው ወንድም አለው የሚል ምልክት አልዘራህም።


የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)

መጽሐፉን ለልጆቼ ደጋግሜ ስላነበብኩላቸው በቃሌ ይዤዋለሁ ማለት ይቻላል። ሁለት ነገር ልንገርህ።

የመጀመሪያው፣ ዕቅድህ ላይ ሰዓዳ ከእመቤቷ ጋር ተቀምጣ ትመክራለች ብለሃል። እንዴት አድርጋ? «ውሃ ውስጥ አፉን የከፈተ ስሙን ይረሳል» ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። ለዚህ አይደል ወይ በመጀመሪያው መጽሐፍ ራሷን በመነቅነቅ ብቻ የተስማማችው? ልጆቼ መታጠቢያ ውስጥ አፋቸውን ገጥመው በእጅ ነው የሚነጋገሩት። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ሰዓዳ ውሃ ሥር ቁጭ ብላ ብታወራ ትልቁ ልጄ መጽሐፉን ይወረውረዋል። ከመጻፍህ በፊት አንድ ደብተር ያዝ፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ የተናገርካቸውን ሕጎች በሙሉ ገጹን እየጠቀስክ መዝግብ። የማን ዕድሜ ስንት እንደሆነ፣ አሞሌው ተሟሟ ወይስ ተረፈ፣ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ደረጃ በየትኛው ወር እንደሚታይ። እኛ አንባቢዎች ይህን ደብተር በጭንቅላታችን ይዘናል።

ሁለተኛው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የሰዓዳ እናት የምድጃ አፈር ሲያምራት ጽፈሃል። አንተ ረሃቡን ለማሳየት አስበህ ይሆናል። እኔ ሁለት ልጅ የወለድኩ ሰው ነኝ፤ አፈር ያማራት ሴት ምን እንደሆነች አውቃለሁ። የሰዓዳ እናት ነፍሰ ጡር ናት።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

እትዬ፣ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። በሩን የከፈተችላት እናቷ እንደሆነች ከመጀመሪያው ጀምሮ በልቤ ነበር። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን... መጀመሪያ የተቀበላት ማን ነው? እናት ወይስ በሆዷ ያለው?


ሕግ ተማሪ (ደሴ)

ይህስ የእኔ ጉዳይ ነው፤ ሳልጠራ ገባሁ።

አንደኛ፣ የሰዓዳ መነቅነቅ ውል ነው ወይ? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1681 ውል ለመዋዋል የሚቀርብ ሐሳብም ሆነ መቀበሉ በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በተለመዱ ምልክቶች ሊገለጽ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ራስ መነቅነቅ ያስተሳስራል። ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ግን ቁጥር 1682 ያድናት ነበር፤ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርምና። አንድ ጊዜ ባትነቀንቅ ኖሮ ክፍል ሁለት አይኖርም ነበር።

ሁለተኛ፣ በማኅፀን ያለው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 1 ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከተወለደበት ጀምሮ ነው። ቁጥር 2 ግን የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅ ጊዜ ሁሉ እንደ ተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ። ለሐይቅ መሰጠት የልጁ ጥቅም ነው የሚል ዳኛ ካለ አሳዩኝ! ስለዚህ ሰዓዳ «የተቀበለችኝ እናቴ ብቻ ናት» ብላ ብትከራከር ልጁ ይድናል፣ እናቷን ግን ታጣለች። «ልጁ ነው» ካለች ደግሞ እናቷን አድና ገና ያላየችውን ወንድሟን ትሰጣለች። ይህን የሐይቅ ሥር ችሎት ብትጽፈው እኔ አምስት ቅጂ እገዛለሁ። ችግሩ ክርክሩን አፍ ሳይከፍቱ በእጅ ምልክት ብቻ ማካሄድ ነው፤ እሱን አንተ ታውቃለህ።


የሐይቅ ልጅ (ሐይቅ ከተማ)

ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቻለሁ። የሰጠመችውን ከተማ ከእኛ እንደወሰድካት ግልጽ ነው፤ አልከፋኝም። ግን ሙሉውን ሳታውቅ ክፍል ሁለት እንዳትጽፍ።

በእኛ ዘንድ የሚነገረው እንዲህ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች። እግዚአብሔር በበደሉ ተቆጣ፤ ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን በሙሉ ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከነዘመድ ወዳጆቿ ሰጠመች። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ደሴት ሆኖ ቀረ፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ነው፤ ዛሬ በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተያይዟል።

ልብ በል። የሐይቅህ እመቤት ማን ናት? ሐይቁ ሥር ያለችው ልዕልቲቱ ናታ! ነፍሰ ጡር በድላ የሰጠመች ሴት፣ ከስንት ዘመን በኋላ ሌላ ነፍሰ ጡር ደጃፍ ላይ ቆማ ዕዳ ልትጠይቅ ነው። ያው ኃጢአት ሁለተኛ ጊዜ ፊቷ ቀረበላት። ባለ ሰባት ራስ ዘንዶ ከዚህ የሚበልጥ ምን ያመጣል?

ሌላም አለ። የተበደለችው ሴት ነፍሰ ጡር ነበረች ይላል ተረቱ፤ ምን እንደወለደች ግን አይናገርም። ልጅ ሆኜ አያቴን ስጠይቃት «ተረቱ እዚያ ድረስ ነው» ትለኝ ነበር።

ሁለት ማሳሰቢያ ደግሞ ልስጥህ። ገዳሙ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ካስተማሩበት ጊዜ ጀምሮ የጸሎትና የትምህርት ቦታ ነው፤ የዘንዶና የጠንቋይ ታሪክህን እዚያ ደጅ ላይ አታራግፍ። ሐይቁን በስሙ ሳትጠራ፣ ደሴቱን ባዶ አድርገህ ጻፍ፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ «ከሐይቁ በሚወጣው ወንዝ» ብለሃል። ከእኛ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣውን ውሃ በአንቀርቀሃ ወንዝ በኩል ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። የፈጠራ ሐይቅ ነው ብትለኝም መውጫ እንዳይኖረው እመክርሃለሁ። ዕዳ ተቀባይ እመቤት የምትኖርበት ሐይቅ ገብቶ የማይወጣበት ቢሆን ይሻላል።


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

እህቴ የሐይቅ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፉን አንቺ ጻፊው።

በቁም ነገር ግን ይጠንቀቅ። አሁን አንድ ገበታ ላይ የመርዝ ውሃ፣ የእናት ዕዳ፣ የልዕልት ንስሐ፣ የተበደለችው ሴት ልጅ፣ የውሃ ባለቤቶችና የሕግ ችሎት ቀርበዋል። እነዚህ ሁሉ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ከገቡ ማንም የት እንዳለ አያውቅም። ክፍል ሁለት ላይ ብዙ ጸሐፊ የሚወድቀው ሐሳብ አጥሮት ሳይሆን በዝቶበት ነው፤ የመጀመሪያው ተነበበለት፣ ምክር ሰጪው በዛ፣ ሁሉንም ማስደሰት አማረው።


ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ሰኞ ገበያ እውነት ተናግረዋል። ልጄ፣ ለመምረጥ የሚረዳህን አንድ መለኪያ ልስጥህ። ከቀረቡት ውስጥ ሰዓዳ ራሷ ያደረገችው ወይም ያጠፋችው የትኛው ነው? የነቀነቀችው እሷ ናት። ዘንዶውን ምንጩ ላይ ያፈነዳችውም እሷ ናት። እነዚህ ሁለቱ የክፍል ሁለት ናቸው። የልዕልቲቱ የጥንት በደል የሰዓዳ አይደለም፤ ዕዳው ሲጠየቅ ከጀርባ ይታይ እንጂ መሪ አይሁን። የተበደለችው ሴት ልጅማ ሌላ ዘመን ነው፤ ብትችል ተወው፣ ካልቻልክ ለሦስተኛው አስቀምጠው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሁለተኛውን ስትጽፍ የመጀመሪያውን ደስታ ውሸት አታድርገው። ዛሬ ዛሬ «ያ ሁሉ ድግስ ማታለያ ነበር» ብሎ መጀመር እንደ ብልህነት ይቆጠራል። ልጆቹ ያንን ድግስ አምነው አብረው ጨፍረዋል። ምንጩ ሲፈስ ያየነው ደስታ እውነት ሆኖ ይቆይ፤ ዋጋው ብቻ ዘግይቶ ይምጣ።


ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጋሼ ሚዛኑን አመጡት፤ ተቃውሞዬን አነሣለሁ፣ ባለ መስኖዎቹንም ለራሴ አስቀምጣለሁ።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና ሕግ ተማሪን ልጠይቅ። በልጅነቴ የወደድኩት የአንድ አገራችን ደራሲ የተረት መጽሐፍ አለ፤ ደራሲው አርፈዋል፣ ሁለተኛ ክፍል አልጻፉም። እኔ ብቀጥለውስ?


ሕግ ተማሪ (ደሴ)

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብቱን ይጠብቃል፤ ከሞት በኋላ መብቱ የወራሾች ነው። ሥራውን ለውጦ ሌላ ሥራ መፍጠርም ከዚሁ መብት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የእሳቸውን ገጸ ባሕርያት በስማቸው ይዘህ ከመነሣትህ በፊት ወራሾቹን አግኝተህ በጽሑፍ አስፈቅድ። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም፤ ዘንዶና እረኛ የማንም ንብረት አይደሉም። በቃል የወረስነውን ተረት መቀጠልም ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ሰብሳቢ በራሱ አነጋገር የጻፈውን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ገልብጠህ «የሕዝብ ነው» እንዳትል። ተረቱ የሕዝብ ነው፤ አጻጻፉ የሰውየው ነው።


የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። የመጀመሪያውን ያላነበበ ልጅ ሁለተኛውን ቢያገኝስ? እዚህ ኮምቦልቻ የመጀመሪያው ቅጂ አልቋል፤ የእህቴ ልጆች ሳያገኙት ቀሩ።


ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ደሴም ሊያልቅ ነው፤ እኔ ጋር የቀሩት ጥቂት ናቸው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ብዙ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሙሉ «ባለፈው እንደምታስታውሱት» እያሉ ይጨርሱታል፤ ያነበበው ይሰለቻል፣ ያላነበበው ደግሞ ግማሽ ነገር ሰምቶ ይቀራል። በእኔ እምነት ታሪኩን የማያውቅ ሰው መጽሐፉ ውስጥ አስገባ። ሰባት ዓመት አለፈ ብለሃል፤ የሰዓዳ ወንድም ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ያልነበረበትን ነገር በሙሉ መንደሩ እየተቀባበለ ይነግረዋል፤ አንዱ አጋኖ፣ አንዱ ቀንሶ። ምንም ያላነበበው ልጅ ከእሱ ጋር ይማራል፤ ያነበበው ደግሞ መንደሩ የት ላይ እንደሚዋሽ እያወቀ ይስቃል።

ስለ ቃሉ ግን ማንም አይነግረውም። ሰዓዳ ብቻ ናት የምታውቀው።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ሰባት ራሱን ዛሬ ከዕቅዱ አወጣሁት፤ ወንዙንም አደረቅሁት። አሁን የቀረኝ ይህ ነው።

ታሪኩን የሚመራው ወንድሟ ነው፤ ስሙን ይማም ብዬዋለሁ። ከዘንዶው ሞት በኋላ የተወለዱት ልጆች ሁሉ በክረምት ክርናቸው ላይ ቅርፊት ያወጣሉ፤ በጋ ሲመጣ ይረግፋል። መንደሩ ለምዶታል፣ እናቶች በቅቤ ያሹታል። በሰባተኛው ዓመት የይማም ቅርፊት ሳይረግፍ ይቀራል፣ ምንጩም እሱ ሲቀርብ መሬት ውስጥ ይሸሻል። መንደሩ ልጁን በፍርሃት ማየት ይጀምራል። በዚያው ሌሊት የሐይቁ እመቤት ዕዳዋን ልትጠይቅ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። እናም ልጁን አሳልፎ መስጠት በድንገት ለመንደሩ ሁሉ የሚመች ነገር ይሆናል። ሰዓዳ ብቻዋን እምቢ ትላለች።

ችሎቱ ሐይቁ ሥር ይሆናል፣ በእጅ ምልክት። ሰዓዳ ለመናገር ስሟን የምትከፍልበት ቦታ እንዳለ ይታየኛል፤ ለምን እንደምትናገር ግን ገና አልጨረስኩትም። እመቤቷ ልዕልት መሆኗን አንዲት ገጽ ላይ ብቻ አሳያለሁ። ደሴቱ ባዶ ይሆናል። የተበደለችው ሴት ልጅ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ነው።


የሐይቅ ልጅ (ሐይቅ ከተማ)

«መንደሩ ለምዶታል» የሚለው ላይ ቆይበት፤ አታሩጠው። እመቤቷን ደግሞ ክፉ ብቻ አታድርጋት። ልጁን ስትጠይቅ እጇ ይንቀጥቀጥ።


የሐረጎ ሾፌር

ባለ ቅርፊት ልጅ! ተስማምቻለሁ። ግን ከአሁኑ ልንገርህ፤ የይማም ጉዳይ በክፍል ሁለት ይለቅ። ልጁ ውሃው አፍ ላይ ቆሞ «ይቀጥላል» የሚል ገጽ ካገኘሁ መጽሐፉን ኮምቦልቻ ድረስ አምጥቼ እመልስልሃለሁ።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

በክፍል ሁለት ያልቃል። እትዬ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ስጨርስ ለትልቁ ልጅዎ እልካለሁ፤ የሕግ ደብተሩንም አብሬ። የጣስኩት ካለ ገጹን ይጻፍልኝ።


የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)

ላክ። እስክሪብቶ ይዞ እየጠበቀህ ነው፤ አሞሌው ተርፏል ወይስ አልተረፈም የሚለውን መጀመሪያ መልስልኝ ብሏል።